የጠዋቱ ራስ ምታት

የመጨረሻው ቀን ደህና ቀን ነበር። ካርቲየ 4 በሚባለው የወደብ ከተማው ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ወንድሜ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ፓፓያ በላ። እንደሱ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነው ጓደኛው ከወደብ እየሮጠ መጣ።

«ተራ ደረሰኝ! ዛሬ እጭናለሁ፤ ነገ በጠዋት መንገድ ነን።»

«መሪውን ለኔ ከሰጠኸኝ» አለ ወንድሜ።

«ላንተ? ሁለት ሁለት እያየህ? የትኛውን ግመል እንደምትስት በምን ታውቃለህ?»

ሦስታችንም ሳቅን።

አዲስ አበባ የምንሄደው ለቀዶ ጥገና ነበር። ወንድሜ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት። ለአውሮፕላን አቅም ስላልነበረን የጓደኛው መኪና የመጫን ወረፋ እስኪደርሰው ጠበቅን። ጭነቱን የሚያመጣው መርከብ ገና ነው ይባላል። በሩን ብንከፍት ሙቀት፣ ብንዘጋው ሙቀት። መሄጃ አልነበረንም።

መጀመሪያ ሕመሙ የጫት ሐራራ መስሎን ነበር። እዚህ ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ እስከዚያ ቃሚው ሁሉ ራሱን ይዞ ይነጫነጫል። ወንድሜንም ጠዋት ጠዋት ያመዋል፤ ያስመልሰዋል። ጫቱ ሲገባ ይሻለዋል። ማን ይጠራጠር? አንድ ቀን ግን ጫቱ ሳይገባ ዋለ። እሱ እኩለ ቀን ላይ እንደልማዱ ተሻለው። ያን ጊዜ ፈራሁ። ብዙም ሳይቆይ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር። ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሙ ትምህርት ቤት በተማርኩት ፈረንሳይኛ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የራስ ቅል አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ዕጢው ካንሰር ባይሆን እንኳ ሲያድግ አንጎልን ይጫናል። ሌሊት ስንተኛ ጫናው ይጨምራል፤ ተነስተን ስንቆይ ጋብ ይላል። የሰጠን ክኒን በዕጢው ዙሪያ ያለውን እብጠት ያረግባል እንጂ ዕጢውን አያጠፋም። የሚያወጣው ቀዶ ጥገና ነው፤ የቀረ ካለ ጨረር። «አትዘግዩ» አለኝ። እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ጭኖ መጣ። ወንድሜ ተኝቶ እንዲሄድ ፍራሹን እኔና ጓደኛው ከመቀመጫው ጀርባ አነጠፍን። ወንድሜ እስከዚያው ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ ጋደም አለ።

አመሻሽ ላይ ለመግሪብ አዛን ሲባል ወንድሜ «ራሴን» አለ። በዚህ ሰዓት አሞት አያውቅም ነበር።

«ክኒኑን ላምጣ?»

«መብራቱን አጥፋው፣ ወንድሜ።»

አጠፋሁት። ስመለስ ብጠራው አልሰማኝም። እኔና ጓደኛው በታክሲ ይዘነው ወጣን። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ትንፋሹ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው እዚያው ደጃችን ላይ ቆሟል። ጓደኛው ጎማውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ፍራሹን ላውርድልህ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ተው፣ ጋሼ። እኔ አወርደዋለሁ።»

ስናስገባው ሁለት ነበርን። ብቻዬን ስጎትተው ፍራሹ የመኪናው በር ላይ ተቀረቀረ። ገፋሁት። መልሼ ሳብኩት። በመጨረሻ አጥፌ በጉልበቴ ገፋሁትና ወጣ። ተሸክሜው ገባሁ፤ ቦታው ላይ አነጠፍኩት።