ማሽኑ እምቢ ያለበት ጥቅምት ሠላሳ

ባሌ ጅማ፣ እኔ የካ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈን። የዝውውር ደብዳቤዬ አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶት በኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ኃላፊያችን ካድሬ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የሚፈርመው ስለለመኑት ሳይሆን ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ላስደስታቸው ቆርጬ ተነሳሁ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ የምነካውም እኔ ብቻ ነበርኩ። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነባት አንዲት የትእዛዝ ፋይል አለች። ቀኑን፣ የወረቀቱን ስፋት፣ የማተሚያውን ዓይነት የሚያውቀው ከእሷ ነው። ቀኑን በየጠዋቱ እኔ እጽፋለሁ። መስከረም ሲጠባ ኃላፊው መጡና፣

«የኢምፔሪያሊስት ቀን በዚህ ቢሮ አይጻፍም! ወሩ በእኛ ይቆጠር» አሉ።

መስከረምን አንድ፣ ጥቅምትን ሁለት እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ማሽኑም ምንም አላለ።

ጥቅምት ሠላሳ ጠዋት ግን እምቢ አለ። የሠራተኛው ስም ዝርዝር ከቀትር በኋላ ለስብሰባ መድረስ ነበረበት። ማሽኑ «ፋይሉ ስህተት አለበት» ይላል እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም፤ እንደ አኩራፊ አማት። ኃላፊው ዘበኛውን ጠሩ።

«ዝርዝሩ ሳይወጣ እሷም አትወጣም። አሻጥር ከሆነ እናያለን።»

ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ሰማሁ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ጅማ አይሄድም፤ የት እንደሚሄድም አይጠየቅም።

መስመር በመስመር ገባሁበት። ነጠላ ሰረዝ ጎድሎ እንደሆነ አየሁ፤ አልጎደለም። የማተሚያውን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩ። የወረቀቱን ስፋት ቀየርኩ፣ መለስኩ። በመስኮቱ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ይታዩኛል። ወገባቸው ጎብጧል፣ እኔ ግን ቀናሁባቸው፤ ቢያንስ የተቆለፈባቸው በር የለም።

በመጨረሻ የትናንቱን ቅጂ ከፍሎፒ አውጥቼ ሞከርኩ። ሠራ! ቀኑን ወደ ዛሬ ለወጥኩ፤ እምቢ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለማሽኑ ሁለተኛው ወር የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ እንደዚያ ዓመት በአራት ዓመት አንዴ ሃያ ዘጠኝ ቢደርስ እንጂ ሠላሳኛ ቀን የለውም።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። ያበላሸው የእርስዎ ትእዛዝ ነው ብሎ ማን ይነግራቸዋል? የትናንቱን ቀን መልሼ ጻፍኩና ዝርዝሩን አተምኩት። ራስጌው ላይ ያለውን ቀን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ ኃላፊው፣ ዘበኛው ከፍቶ ወደ ጠረጴዛቸው ሲያደርሰኝ።

«ብርድ ነው፣ ጓድ። የእንጦጦ ብርድ በመስኮቱ ገብቶበት ነው። ጸባዩን ስለማውቀው አሙቄ አስነሳሁት።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኃላፊው ፊታቸው በራ፤ ደብዳቤዬን ሳቡና ብዕራቸውን አነሱ። ልቤ ጅማ ደርሶ ተመለሰ።

«ብርዱ ገና መች ተጀመረና!» አሉ እየጻፉ። «ያለ አንቺ ማን ያስነሳዋል?»

«አስፈላጊ ሠራተኛ ስለሆነች ባለችበት ትቆይ» ይላል የጻፉት። ከሥሩ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ፊርማ አለ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዘበኛው ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«አመሰግናለሁ፣ ጓድ» አልኩ።