እስከ ድንጋዩ ድረስ

እናቴን ካቀፍኳት ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። እኔ ሲያትል ተቀምጬ የጥገኝነት ጥያቄዬን መልስ እጠብቃለሁ፤ እሷ ካናዳ፣ ቫንኩቨር ያለችውን እህቴን ልትጠይቅ ከአገር ቤት መጥታ፣ በሳምንቱ ተመላሽ ናት። አሜሪካን ለቅቄ ከወጣሁ ጉዳዬ ገደል ገባ ማለት ነው። የቀረን ድንበሩ ላይ ያለው ፓርክ ብቻ ነበር፤ ከሁለቱም አገር ይገባበታል፣ በገቡበት መውጣት ግን ግድ ነው።

ሲያትል ውስጥ ከምኖርበት ሰፈር፣ ከሬኒየር ቢች በጠዋት ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ ኪሴን ስዳብስ ነበር፤ መታወቂያዬ፣ የጠበቃዬ ስልክ፣ እንደገና መታወቂያዬ። ልደርስ ስል ስልኬ የካናዳን ኔትወርክ ስቦ «እንኳን ወደ ካናዳ በደህና መጡ» የሚል መልእክት ሲያስገባ፣ ድንበሩን ያለፍኩ መስሎኝ መኪናዬን ዳር አቆምኩ።

የተቀጣጠርነው ትልቁ ድንጋይ ጋ ነው። ድሮ ያን አገር ሁሉ የሸፈነው በረዶ ከሰሜን እየገፋ አምጥቶ፣ ሲቀልጥ ሜዳው ላይ ጥሎት እንደሄደ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ይህን ሳነብላት እናቴ ድንጋዩን መታ መታ አድርጋ፣ «እሱን ወረቀት የጠየቀው የለም» አለች። እህቴ ሳቀች። እኔ ግን ዳር የቆመውን የድንበር ጠባቂዎች መኪና ነበር የማየው። ዳቦ ቆሎ እያጎረሰችኝ እንኳ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። ሰባት ዓመት የጠበቅኳትን ሴት በቅጡ ሳላያት ሰዓቱ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መሄጃችን ሲደርስ፣ «በል እስከ መኪናችን ሸኘን» አለችኝ። መኪናቸው ከጥዶቹ ባሻገር፣ ካናዳ ነው። በእናቴ ቤት እንግዳ ከደጅ አይሰናበትም፤ ጎረቤቷን እስከ አስፋልቱ ትሸኛለች፣ ጎረቤቷም መልሳ ትሸኛታለች።

«አልችልም እማዬ።»

«እንግዲያው እኔ ልሸኝህ» ብላ አሜሪካ በኩል ወደቆመው መኪናዬ መራመድ ጀመረች። ክንዷን ያዝኳትና ሳላስበው ጮህኩባት። «አትምጪ አልኩሽ።»

ክንዷን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ፣ እዚሁ እቀመጣለሁ። ቤትህ ስትገባ ደውልልኝ፣ ያኔ እሄዳለሁ።» ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ቤቴ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ መሆኑን አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት።

እሷ እንዳታየኝ፣ እኔ ግን እንዳያት፣ መኪናዬን ከፓርኩ ሽንት ቤት ሕንፃ ጀርባ አዙሬ አቆምኩ። ዝናብ ጀመረ። እህቴ ጃንጥላ ይዛላት ትለምናታለች፣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደምንም ታገስኩና ደወልኩ።

«ገባህ?»

«ገብቻለሁ እማዬ።»

«ተመስገን» አለች። ከድንጋዩ ተነስታ፣ እህቴን ተደግፋ ስትሄድ፣ ጥዶቹ እስኪሰውሯት ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት።