እንግዳና የእነ ሶሬቲ ውሻ

እንግዳን ያወቅሁት ወደ ሀና ማርያም የሚወስደው መንገድ ገና ጭቃ ሳለ ነው። ዓመቱ ጠፋኝ፤ ትልቋ ልጄን በዳርሁ ሰሞን እንደ ሆነ ግን አስታውሳለሁ፤ የሠርጉን ድንኳን ካስማ የነቀለልኝ እሱ ነውና። ያኔ ሚስማር ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ነበር። ሥራ ያጣ ቀን ቁጭ ብሎ አይውልም። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲሠራ ማንም ሳይከፍለው ድንጋይ በትከሻው ያመላልስ ነበር። ሚስቱ ልጅ ሳትወልድለት ሞተች። ተከራይቶ ይኖርባት የነበረችው ጭቃ ቤት ለመንገድ ስትነሣ ለባለቤቶቹ ምትክ ተሰጣቸው፤ ተከራይን ማን ይጠይቃል። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስትና አንድ የጸሎት መጽሐፍ ይዞ እኔ ጎረቤት፣ እነ ሶሬቲ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ገባ።

የዘበኛው ክፍል ከቆርቆሮ የተሠራች ነች። እግሩን ከዘረጋ በሩ አይዘጋም። አሥራ አንድ ዓመት እዚያች ውስጥ ተኮራምቶ አደረ። ወገቡ የጎበጠው በዕድሜ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በቤቱ ነው እላለሁ።

ሶሬቲና ባሏ አቶ ዋቅቶላ የወለጋ ሰዎች ናቸው። ጴንጤዎች ናቸው፤ እሑድ እሑድ መዝሙራቸው አጥር ተሻግሮ ይሰማኛል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። የዛሬ ሦስት ዓመት ስታመም ሾርባ በፔርሙዝ ታመጣልኝ የነበረችው ሶሬቲ ናት። አንዲት ልጃቸው ትሕትና አግብታ አውስትራሊያ ስትሄድ ቤቱ ጭር አለባትና ሪኮ የሚባል ውሻ አመጣች። ጥጃ የሚያህል፣ ጆሮው የቆመ የፈረንጅ ውሻ።

አቶ ዋቅቶላ ጡረታ በወጡ ጊዜ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የዓመት ፈቃዴን ጣራ ስጠግንበት ጨረስሁ፤ አሁንስ እንደ ሰው አርፋለሁ» አሉ። ልጃቸው ዘንድ ሁለት ወር ያህል ሊቀመጡ ተነሡ። ፓስፖርቱም ቲኬቱም በቀላሉ አለቀ፤ ያላለቀው የውሻው ነገር ነው። ውሻ የሚያሳድር ቤት አለ ተባለና ሶሬቲ ሄዳ አየች። በሽቦ ሳጥን እንደ ዶሮ ተደርድረው ሲጮኹ አይታ እያለቀሰች ተመለሰች። እህቷን ብትጠይቅ «ሕፃናት አሉብኝ» አለቻት። ሲጨንቃት እንግዳን በረንዳው ላይ ጠራችው። እኔም ጤና አዳም ልቀጥፍ ገብቼ ነበርና ሰማሁ።

«ጋሽ እንግዳ፣ ሪኮን ለእርስዎ ትቼ ልሂድ?»

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ ሶሬቲ። ውሻ አይደል?»

«ውሻ አይበሉት! ልጄ ነው።»

«እሺ፣ ልጅዎ ነው» አለና ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ሳቀ።

«እንዲህ እንዳማረበት ካቆዩልኝ ስመለስ የኋላውን ሰርቪስ ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ። ከዚህ ቆርቆሮ ይወጣሉ። እዚያው ይጦራሉ፤ ማንም አያስነሣዎትም።»

ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ የብሎኬት ክፍል ነው። መብራት አለው፣ ውኃ አለው፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው። እንግዳ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። በማግስቱ ግን በአጥሩ በኩል ጠርቶ፣ «እትዬ ፅጌ፣ እኔ እኮ መስኮት ያለው ቤት ውስጥ ተኝቼ አላውቅም» አለኝ።

ሶሬቲ በጓሮ በረንዳ የሚገኘውን ፍሪዘር በሥጋ ሞላችው። ስድሳ ፌስታል፤ ለየቀኑ አንድ። በላዩም ወረቀት ለጠፈች፦ ይቀቀል፣ ጨው አይግባበት፣ ሽንኩርት አይግባበት፣ ከታመመ የሐኪሙ ስልክ ይኸው።

«ጨው አይበላም?» አለ እንግዳ።

«ለኩላሊቱ አይስማማውም።»

«ጉድ ነው! እኔ ኩላሊት እንዳለኝ ያወቅሁት ሲያመኝ ነው።»

ሶሬቲም ሳቀች። «ዋናውን ቤት ቆልፈነው ነው የምንሄደው። መቀቀያ ድስት አለዎት አይደል?»

«አለኝ» አለ።

በሄዱ በአራተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ። እነሱ የእኛን ጾም አይቆጥሩም፤ ሶሬቲ አላሰበችውም። የሚገርመው እንግዳም አላሰበውም። ልቡ ሰርቪሱ ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ ሁዳዴ ሲገባ ዕቃው ሁሉ በአመድና በፈላ ውኃ ይፈተጋል። የሥጋው ድስት ተጠቅልሎ እስከ ፋሲካ ይቀመጣል። እንግዳ ደግሞ ያለው አንድ ድስት፣ ሽሮውን የሚሠራባት ድስት ናት። ሥጋ ከቀቀለባት ሃምሳ አምስቱ ቀን ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። በመጀመሪያው ሰኞ አጥሩን አንኳኳ።

«እትዬ ፅጌ፣ የማትፈልጊው አሮጌ ድስት ይኖርሻል? ለዚህ ውሻ መቀቀያ።»

ድስት ነበረኝ። ሦስት ነበረኝ፤ በጋዜጣ ተጠቅልለው ቁም ሳጥኑ ላይ ተደርድረዋል። ነገር ግን ውሻ የበላበት ድስት ወደ ቤቴ ሊመለስ ነው ብዬ ልቤ ተጸየፈ።

«ለውሻ ደግሞ ምን ድስት ያስፈልገዋል? ቆይ፣ ጣሳ አለኝ» አልሁት።

ለጥምቀት ደምሰው የሚባል ቀለም ቀቢ የግቢዬን በር ቀብቶ የተወው ትልቅ ጣሳ ነበር። በአሸዋ ፈተግሁት። ከሥሩ ቀይ ነገር ተጣብቆ እምቢ አለ። እሳት ያጠራዋል ብዬ ሰጠሁት። እንግዳ ተቀብሎ መረቀኝ፤ «ጾሜን አዳንሽልኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሰል አያይዞ በዚያ ጣሳ ይቀቅላል። እሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም፤ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አይቼው ሳቅሁበት።

«ምን ያስቅሻል? ጌታን ሰይጣን በድንጋይ ፈተነው፤ እኔን በቅልጥም!»

ውሻው ሶሬቲን ስላጣ መጀመሪያ አልበላም ብሎ ነበር። እንግዳ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ነኝ ብሎ ውሻ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ አላስችል አለውና መሬት ቁጭ ብሎ እየቆረሰ አጎረሰው። ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱን ይቀይራል፣ ከዚያ ነው ቅዳሴ የሚሄደው። ሶሬቲ ትታለት የሄደችው ምስል የሚያሳይ ስልክ ነበረ። ስትደውል ገልብጦ ይይዘውና ሰማዩን ያሳያታል።

«ሪኮ! ማሚ ነኝ! ሪኮዬ!» ትላለች ከዚያ ማዶ።

«እትዬ ፅጌ፣ ውሻው ማሚ አለው» አለኝ አንድ ቀን። «እኔ እናቴን የቀበርሁት በስምንት ዓመቴ ነው።» እየሳቀ ነው የነገረኝ።

በጾሙ አጋማሽ፣ በደብረ ዘይት ሳምንት ሪኮ ማስታወክ ጀመረ። ከዚያ የኋላ እግሩ ከዳው፤ ሲሄድ እንደ ሰካራም ግድግዳ ይገፋል። እንግዳ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ለሐኪሙ ልደውል?»

«ሐኪሙ ቢመጣ ለእሷ መናገሩ ይቀራል?» አልሁት። «በሰው አገር ልታስደነግጣት ነው? ስንት ዘመን ቆይተው አንድ ጊዜ ለዕረፍት ቢሄዱ! ናፍቆት ነው፤ ይተወዋል።»

እኛ እንዲህ ነን። በመንገድ ላለ ሰው ክፉ አይነገርም። የገዛ ወንድሜ ሲሞት እኔ ኢየሩሳሌም ነበርሁ፤ እስክመለስ አሥራ ስምንት ቀን ደብቀውኛል፤ ደግ አደረጉ ብዬ ነው የኖርሁት። እንግዳም ሰማኝ። ሶሬቲ ስትደውል፣ «ጠግቦ ተኝቷል፣ እትዬ» አላት። እውነትም ተኝቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሞተ።

ከሰርቪሱ ጀርባ ቆፍሮ ቀበረው። ላብ የሚጠርግ መስሎ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ሶሬቲ ስትደውል አሁንም «ተኝቷል» ይላል። ፍሪዘሩ ውስጥ ከሃያ በላይ ፌስታል ቀርቷል። በየማለዳው አንድ ሁለቱን እያወጣ ወደ መካኒሳ ድልድይ ወርዶ ለመንገድ ውሾች ይበትናል።

«ተዝካር እያወጣህለት ነው?» አልሁት ልቀልድ።

«ለውሻ ምን ተዝካር አለው። ግን የሱ ድርሻ ነው። እኔ አልበላው፣ አልሸጠው። ለዘሩ ይሁን።»

ጣሳውንም አጥቦ፣ አድርቆ፣ አመስግኖ መለሰልኝ። በዚያው ሳምንት ደምሰው የተላጠውን የበሬን ጥግ ሊያስተካክል መጣና ጣሳውን አነሣው።

«እማማ፣ ይሄ የአንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም ጣሳ ምን አጠቆረው?»

«ሥጋ ተቀቅሎበት ነው።»

«ለማን?»

«ለውሻ።»

«ውሻው አለ?»

ጣሳውን ከእጁ ተቀበልሁት።

«እማማ! እኛ እንኳ ከነካነው እጃችንን በናፍጣ ሳንታጠብ እንጀራ አንቆርስም። መርዝ እኮ ነው!»

ደምሰው ሲወጣ ጣሳውን ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ልጆች ማዳበሪያ ውስጥ ከተትሁት። ለእንግዳ አልነገርሁትም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል የሆሳዕና ዋዜማ ደረሰ።

እንግዳ ሁሉን አስቦ ነበር። እንደ ሰው መርዶ፣ ማታ አርፈው ይደሩ፣ ጠዋት እኔን ይዞ ይገባና ቀስ ብለን እንነግራታለን። «አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ካንቺ አፍ ይሻላል» ብሎኛል። ቅዳሜ ከሰዓት መኪናው ሲቆም አጥሩ ሥር ነበርሁ። ሶሬቲ ሻንጣዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «ሪኮ! ሪኮዬ!» ብላ ተጣራች። ግቢው ዝም አለ። እንግዳ ኮፍያውን አወለቀ።

«መጀመሪያ ይግቡ፣ እትዬ። ይቀመጡ።»

«የት አለ?»

«ይቀመጡና…»

«የት አለ አልሁህ!»

አንቱታው በአንድ አፍታ ቀረ።

«ሁለት ሳምንት ሆነው፣ እትዬ።»

«ሁለት ሳምንት? ሐሙስ ለት ተኝቷል አላልኸኝም?»

ሮጣ ሄዳ ፍሪዘሩን ከፈተችው። ባዶ ነው። እንግዳ ስትመጣ ደስ ይበላት ብሎ አጥቦ ወልውሎት ነበር።

«ሥጋውስ?»

«ለመንገድ ውሾች ሰጠሁት።»

«ለመንገድ ውሾች! ስማው እስቲ፣ ዋቅቶላ! በላኸው በለኝ እንጂ። ሥጋውን እየበላህ ልጄን በረሃብ ገደልህብኝ!»

«እትዬ፣ ጾም ነው እኮ» አለ እንግዳ።

ለእሱ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም። አቶ ዋቅቶላ ግን፣ «ሰው ሳያይ የሚጾም ስንቱ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ እንግዳ ወደ እኔ ዞረ። አጥሩ አጠር ባለበት በኩል ቆሜያለሁ፤ ሁሉም አይተውኛል። በየማለዳው ፌስታል ይዞ ሲወርድ ያየሁት እኔ ነኝ። ውሻው በምን እንደ ሞተ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ። አፌን ከፍቼ ያልሁት ይሄን ነው፤ «ሶሬቲ ልጄ፣ ተረጋጊ። ከመንገድ ነው የመጣሽው።»

እንግዳ ዓይኑን መለሰ። ሳይመሽ ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ማንም ሂድ ሳይለው ነው የሄደው።

ሕማማቱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ መቃብሩ በኩል ካሉት የኔ ቢጤዎች ጋር ከረመ ሲሉ ሰማሁ። የፋሲካ ለት ወጥ በሳህን ይዤለት ሄድሁ። ከስቷል፤ ልብሱ ግን ንጹሕ ነው። ሳህኑን አይቶ በእጁ ወደ እኔ ገፋው።

«እግዜር ይስጥሽ። ግን ሥጋ በላ ተብያለሁ፣ እትዬ ፅጌ። ዘንድሮ አልቀምስም። ስበላ ያየ ሰው ‹ይኸው፣ እውነት ኖሯል› ይላል።»

«ማን ያይሃል እዚህ?»

«እኔ አያለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «አንቺ ባትኖሪ ጾሜም አብሮ ይሄድ ነበር። እሱ እንኳ ተረፈልኝ፤ እድሜ ላንቺ» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

ልነግረው አፌን ከፈትሁ። የወጣኝ «እንኳን አደረሰህ» ነው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ሶሬቲ ዘንድ ገባሁ። ድስት መንፈጌን፣ ጣሳውን፣ ደምሰው ያለውን፣ አትደውልላት ብዬ የመከርሁት እኔ መሆኔን፣ ሥጋውንም በዓይኔ እያየሁ መበተኑን ሁሉንም ነገርኋት። ስትሰማኝ ቆየችና ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ገባት ብዬ እኔም አብሬ አለቀስሁ።

«ሪኮዬን!» አለች። «ተመርዞ ነው? ስንት ቀን ተሠቃየ? ሆዱን ነው ያመመው?»

«አራት ቀን ያህል» አልሁ። «እንግዳ ግን፣ ሶሬቲ…»

«ውይ ሪኮዬ! እኔ እዚያ ባሕር ዳር ፎቶ ስነሣ!»

አቶ ዋቅቶላ መሐረብ ሰጧት። ለእኔ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለ ሰውዬው አዝነናል፣ እማማ። ሰርቪሱን ግን ባለፈው ሳምንት ለሁለት ተማሪዎች አከራይተነዋል፤ የስድስት ወር ውል አለ» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። እንግዳ ከነበረበት ቦታ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ለአንድ ጅምር ሕንፃ ጥበቃ በመኪና ወሰዱት አሉኝ። የቱ ሕንፃ ብል አንዱ ለቡ ማዶ ነው አለ፤ አንዱ ደግሞ ከከተማ ውጭ ነው አለ። እስካሁን አላገኘሁትም። እንደ እኔ ግምት ምንም ሳያውቅ ዛሬም ጣሳዬን ይመርቃል።