የብርጓል እሁድ

ቅናተኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ! እናት ሆና የማትቀና ካለች ትምጣና ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ትማል። እኔ ዘሪቱ ከመናኸሪያው ማዶ ምግብ ቤት ከፍቼ ሃያ ሁለት ዓመት ሹፌርና ተሳፋሪ ሳበላ በሰው ትዳር አልቀናሁም፣ በሰው ፎቅ አልቀናሁም። የቀናሁት በአንዲት ሴት ነው። እሷም እኔው ቤት ሰሃን ስታጥብ የኖረችው የብርጓል ናት። በገዛ ሠራተኛዬ! ወይ ጉድ፣ ሳወራው ራሱ ያንገበግበኛል።

የብርጓል ከጉንደ ወይን ወዲያ ካለ ገጠር ስትመጣ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ አማረ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ልጄ እስከዳር ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ደግሞ ከድስት ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። ልጅቱ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍ ዓይን አይከተላትም። ዐሥራ ሦስት ዓመት እኔ ቤት ኖረች። እስከዳርን ትምህርት ቤት የምታደርሳት እሷ፣ ጸጉሯን የምታበጥርላት እሷ፣ ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ የምታድር እሷ። እኔ ሁለቱንም አበላ ነበር። ማን ይሥራ ታዲያ?

ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ «እትዬ፣ ልወጣ ነው። ቤት ተከራይቻለሁ» አለችኝ።

ሳቅሁባት። «ወር ሳይሞላሽ ሻንጣሽን ተሸክመሽ ትመለሻለሽ» አልኋት።

አልተመለሰችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አንድ ክፍል ይዛ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች መሸጥ ጀመረች። የእኔው ደንበኞች ሳይቀሩ ከእሷ ይገዛሉ። ይግዙ፣ ምን ቸገረኝ! እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትቀጠቅጥና ስትነፋ ትከርምና ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉን ነገር ትከድናለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሯ ላይ አጎዛ አንጥፋ ትቀመጣለች። በቃ፣ ትቀመጣለች! ምስር አትለቅም፣ ጥጥ አትፈትል። ሰው «ኧረ በማርያም፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ብቻ» ብሎ ቢለምናት «ነገ ይምጡ» ትላለች፣ እግሯን ዘርግታ።

መጀመሪያ የቀናሁት በዚያ በተዘረጋ እግር ነው። የእኔ እግር ደም ሥሩ ተገታትሮ ማታ ማታ ጫማ አልወጣ ይለዋል። እሁድ ደግሞ ለእኔ ዋናው ገበያ ነው። ሠርገኛ ይመጣል፣ ለቀስተኛ ይመጣል፣ መንገደኛ ይመጣል። የቅዳሴውን ደወል ሽንኩርት ላይ ሆኜ እሰማና አማትቤ ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ እሁድ በዚያ በኩል ሳልፍ የብርጓል ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ አየኋት። ብድግ ብላ እጅ ነሣችኝ፣ «ግቡ እትዬ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። «እንዳንቺ ሥራ አልፈታሁም!» ብዬ አለፍሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ያ አጎዛ ከዓይኔ አልጠፋም። ምን አላት? አንድ ክፍል ኪራይ ቤት። እኔ የሌለኝ ምን አላት? እያልሁ ወጡን አሳረርሁት።

ይህስ ይሁን። ልጄ ናት እንጂ አንጀቴን የቆረጠችው።

እስከዳር አምበር ከተማ ነርስ ነበረች። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ትመጣለች። ትስመኛለች፣ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች። ድሮ እንኳ ሽርጥ ታጥቃ አንድ ሁለት ትሪ ታደርስልኝ ነበር። «አዳር ተረኛ ነበርሁ እኮ እማዬ» ትለኛለች። «ወጣት ነሽ፣ እንቅልፍ ይደርሳል። ይችን ለዚያ ጥግ አድርሽልኝ» እላታለሁ። እያደር ቦርሳዋን አስቀምጣ እብስ ማለት ጀመረች። የት እንደምትሄድ ለመጠየቅ ክብሬ አልፈቀደልኝም። አስተናጋጄ ሽታዬ ግን አፏ አያርፍም።

«እስከዳርን የብርጓል በር ላይ አየኋት። ይሳሳቃሉ» አለችኝ አንድ ቀን።

ይሳሳቃሉ! በምን? በእኔ ይሆን? ዘጠኝ ወር የተሸከምሁ እኔ፣ አስተምሬ ለወግ ያበቃሁ እኔ፤ ሳቋን የምትወስደው የብርጓል! ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚሉት እውነት ነው፤ እኔ ጉልበቴ ላይ ነው የተሰማኝ።

ባለፈው ጥቅምት እስከዳር ወደዚሁ ወደ ከተማችን ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወረች። እሰይ! አልሁ። አሁን የእኔ ናት። የጓሮውን ክፍል ቀለም አስቀባሁ፣ አዲስ ፍራሽ አስገባሁ፣ መጋረጃ ሰቀልሁ። ሊጥ እያሸሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤቱ በሹፌር ጢም ብሎ ሳለ ሽታዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«እትዬ ዘሪቱ፣ አልሰሙም እንዴ? እስከዳር ቤት ልትከራይ ነው። የብርጓል ጎን ያለው ክፍል ሊለቀቅ ነው አሉ።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ሽርጤን ፈትቼ ወረወርሁ። አንዱ ሹፌር «እማማ፣ ጥብሱስ?» ቢለኝ «ሂድና ራስህ ጥበስ!» ብዬው ወጣሁ። በመንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጀሁ። ልጄን በእጇ ይዤ አመጣታለሁ፣ ያችንም የሚገባትን አልብሻት እመለሳለሁ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድሁት አላውቅም።

ደረስሁ። የብርጓል በሯ ላይ፣ አጎዛው ላይ ተቀምጣለች። እስከዳር ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷን የብርጓል ጉልበት ላይ አድርጋ ተኝታለች። የሃያ አራት ዓመት ሴት፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ እንደ ሕፃን! የብርጓል በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ትከለክልላታለች። እኔ ልጄን ተኝታ ካየኋት ስንት ዓመቴ ነው? አላስታወስሁም። ልጮህ አፌን ስከፍት የብርጓል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ አዳር ሠርታ ነው የመጣች» አለች በሹክሹክታ።

እኔም፣ አይገርምም፣ በሹክሹክታ ተጣላሁ። «ልጄን ምን አቅምሰሽ ነው የነጠቅሽኝ?»

«አልነጠቅሁዎትም። መጣች፣ ተኛች።»

«እኔ ቤት አልጋ ጠፋ? አዲስ ፍራሽ ገዝቼላታለሁ እኮ!»

«አልጋስ አለ» አለች፣ እስከዳርን እያየች። «እረፍት ነው የሌለው።»

«እረፍት! አንቺ እረፍት ታስተምሪኝ? ተቀምጦ መዋል ጽድቅ ሆነና!»

ቀና ብላ አየችኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «እትዬ፣ እርስዎ ቤት ስኖር የትኛውን እሁድ ነው ያረፍሁት? አንዱን ይንገሩኝ።»

አሰብሁ። እውነቴን ነው፣ ለመመለስ ብዬ አሰብሁ። የመጣልኝ ግን ያላረፈችበት አንድ እሁድ ብቻ ነው፣ እሱም የማይረሳ። የእናቷ አርባ እሁድ ዋለ። ልሂድ ብላ ለመነችኝ። ሁለት አውቶቡስ ሠርገኛ ይመጣብኝ ነበርና «ሰኞ ትሄጃለሽ፣ ሟች አትቸኩልም» አልኋት። ቀኑን ሙሉ ትሪ ስታመላልስ ዋለች። ሰኞ ስትደርስ ካህናቱም ዘመዱም ተበትነው ነበር።

«እኔም በሰንበት መሥራቴ ኃጢአት መስሎኝ አለቅስ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ሚካኤል ብነግራቸው፣ ‹ልጄ፣ የታዘዘ አልበደለም። ሰንበት ግን ለአንቺም ነው› አሉኝ። ሎሌውም፣ ገረዲቱም፣ በሬውም ይረፍ ብሎ ያዘዘው ከግብጽ ባርነት ላወጣቸው ሰዎች ነው አሉኝ። ፈርዖን ጡብ ሥሩ ይላል እንጂ እረፉ አይልም። ጌታችንም ያችን ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠች ሴት የፈታት በሰንበት ነው። አባ ይህን በነገሩኝ ዕለት ነው ቤት መፈለግ የጀመርሁ። እሁድ እዚህ ስቀመጥ ሥራ ስለጠላሁ አይደለም እትዬ። ማንም እንደማይጠራኝ ሳውቅ፣ ያኔ ነው እግዚአብሔር እንደፈታኝ የሚገባኝ።»

«እና እኔ ፈርዖን ነኝ?» አልሁ።

አይደሉም ልትለኝ ትችል ነበር። የእስከዳርን ነጠላ ወደ ትከሻዋ ሳበችላት።

ያኔ በምኗ እንደምቀና ገባኝ። በልጄ ብቻ አልነበረም። ይህች ሴት ያለምንም ጥሪት ያገኘችውን እረፍት እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ጥረት አላገኘሁትም፤ ከእኔ ተርፎ ለልጄ የሚሆንም አልነበረኝም። እዚያው አጎዛው ዳር ቁጭ ልል አማረኝ። ጉልበቴን አጠፍ ሳደርግ ግን ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ኮሽ አለ።

እስከዳር ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ። እንቅልፉ ከፊቷ ሳይለቅ ዘላ ተነሣች፤ አንድ እጇ ጫማ ይፈልጋል፣ በሌላው ጸጉሯን ትሰበስባለች።

«መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ! ምን ልሥራ?»

እማዬ ደኅና ነሽ አላለችኝም፣ ለምን መጣሽ አላለችኝም። ልክ የብርጓል እኔ ቤት ሳለች፣ ሌሊት ስጠራት ትነሣ እንደነበረው ተነሣች። የቤት ኪራዩን ነገር ተውሁት።

«ምንም የለም ልጄ፣ ተኚ» አልኋት። «በማርያም፣ ተኚ።»

አላመነችኝም። የብርጓልን አየት፣ እኔን አየት አደረገችና ሁለተኛውን ጫማዋን አጠለቀች።