የእናቴ ሞስኮብ

ባለፈው ቅዳሜ ጡረተኛው ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ከሚሰበስቧቸው አሮጌ ጠመንጃዎች አንዱን ሲወለውሉ ደረስኩና የዘይቱ ሽታ ገና ከበሩ ላይ ተቀበለኝ። «ይሄ የፊንላንድ ነው» አሉኝ፣ ብረቱ ላይ ያለውን ማኅተም በጣታቸው እየዳሰሱ። «ከሩሲያ የማረኩትን ሞስኮብ አፈሙዙንና እንጨቱን ለወጡና መልሰው ሩሲያን ተዋጉበት።»

እኛም ቤት ሞስኮብ ነበረ፤ መንዝ፣ ከዘመሮ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ። አባቴ ከድንጋዩ ግድግዳ ላይ በጠፍር አንጠልጥሎት በየሳምንቱ በኑግ ዘይት ይወለውለው ነበር፤ እኔ በዚያ ብርድ በየሳምንቱ እንደማልታጠብ የታወቀ ነው።

አባቴ በሳንባ ምች ሞተ። አርባው በወጣ ማግስት ታላቅ ወንድሙ አያ ደምሴ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። «ጠመንጃ የወንድ ነው። ይህ ቤት ደግሞ ወንድ የለውም» አሉ። ጠመንጃው ከወጣ ርስቱም ተከትሎት እንደሚወጣ እናቴ ቀርቶ እኔም አውቅ ነበር።

«ቤቱ ሰው አለው» አለች እናቴ።

«እንግዲያስ ተኩሺና እንይሽ!»

ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደች፤ ጉልበቷ ላይ አጋድማ መዝጊያውን አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መለሰች፣ ጥይት አጎረሰች። ሁላችንም ተከትለናት ወጣን። ከአፋፉ ላይ ወደነበረው ነጭ ድንጋይ አነጣጥራ ስትተኩስ ገደሉ ደጋግሞ አስተጋባ፣ በጎቹ ተበተኑ፤ ድንጋዩ ግን እንደነበረ ቁጭ ብሏል። አያ ደምሴ ከት ብለው ሳቁ። እሷ ትከሻዋን እንኳ ሳታሽ ቀለሁን አስፈንጥራ ሁለተኛውን አጎረሰች።

«ድንጋዩን ሳትኩት፤ ደጄን ጥሶ የሚመጣ ሰው ግን ከድንጋዩ ይሰፋል።»

ሳቁ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡት የንስሐ አባታችን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው «ደምሴ፣ እንሂድ፤ ቤቱስ ሰው አለው» አሉ።

ከዓመታት በኋላ፣ በአቅራቢያችን ከደረስኩበት ክፍል በላይ የሚያስተምር ሲጠፋ፣ ያንን ጠመንጃ ለአንድ የመርሐቤቴ ሰው ሸጠችና ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት አስገባችኝ። አያ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ደጃችን ድረስ መጥተው «ይኸው፣ ከእጅሽ ወጣ!» አሏት።

«ሸጥኩት እንጂ አልተቀማሁም» አለቻቸው፤ ገብስ መንፋቷንም አላቋረጠች።

ዛሬ እሷም የለች፣ ርስቱም የለ፤ የዚያ ቤት ጣሪያ ወድቆ ውስጡ ሣር በቅሎበታል። እኔ በጠመንጃዋ ተምሬ ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት አገለገልኩ። አንድ ጊዜ የሚገባኝን የኃላፊነት ቦታ «ለወንድ ይሻላል» ብለው ለሌላ ሲሰጡብኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ በየፋሲካው እየሄድኩ አጠገቧ ስቀመጥ ልነግራት ከአፌ ይደርስና እመልሰው ነበር። ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስለማውቅም ሳልነግራት ሞተች።