ከኮፍያው ሥር የቀረው

ጋሽ ኮፍያ የሰፈሩ አዳራሽ ጠባቂ ናቸው። ወንበር ይደረድራሉ፣ መስኮት ይወለውላሉ፣ የላላ ማጠፊያ ያጠብቃሉ። ስማቸውን ያስጠራው ግን የቅዳሜ ከሰዓቱ ፊልም ነው። ሁልጊዜ የመኪና እሽቅድምድም፣ ሁልጊዜ ለቤተሰብ። አንድ ጊዜ የፍቅር ፊልም እንዲያሳዩ ተለምነው፣ "ሞተር የማይሰማበትን ነገር ምኑን አየዋለሁ!" ብለው ወሬውን እዚያው ዘጉት። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸውና ማንም አልተከራከራቸውም።

ታዲያ ፊልም ዝም ብሎ አይታይም። ዓርብ ከሰዓት ብቻቸውን አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብለው ከዳር እስከ ዳር ያዩታል፤ በደብተራቸውም "ሃያ ሦስተኛው ደቂቃ፣ መሳሳም። አርባኛው፣ ስድብ" እያሉ ይመዘግባሉ። በማግስቱ ስድቡ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳሉ፤ መሳሳሙ ሲደርስ ኮፍያቸውን አውልቀው የፕሮጀክተሩ ዓይን ላይ ይደፉበታል። ቅጽል ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። በዚህም የሚከፋ የለም፣ አማት ከምራት ጋር የሚቀመጥበት አዳራሽ ነው።

ሰዉን ያስቸገረው መኪና ሲገለበጥ ነው። ያኔ ጋሽ ኮፍያ ድምፁንም ጥርቅም ያደርጉታል፣ ኮፍያውንም ቶሎ አያነሱትም። አዳራሹ በድቅድቅ ጨለማ ይቀመጣል። ብርሃን ሲመለስ የተገለበጠው ሾፌር ወይ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ውድድር ላይ ነው። አምስት ልጆቿን ይዛ የፊተኛውን ረድፍ የምትሞላው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የእርስዎ ኮፍያ ውስጥ ደህና ገብቶ በፋሻ ተጠቅልሎ ወጣ። ምን አግኝቶት ነው?"

"ምንም። ተሽሎታል" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ነገሩ የፊልም አልነበረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጃቸውን ጎናቸው አስቀምጠው ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እምቢ አላቸው። መኪናው ተገልብጦ ቦይ ውስጥ ገባ። የሚያስታውሱት የመስተዋቱን ድምፅና በልጅቷ ግንባር ላይ የወረደውን ደም ነው፤ ከዚያ ሆስፒታል ነቁ። መንገደኞች እንዳወጧቸው ተነገራቸው፣ እሳቸውም በዚያው አመኑ። ልጅቷ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀረባት። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጡም፤ ቤት ውስጥ ያ ቀን ከተነሳም ጫማቸውን አጥልቀው ውልቅ ነው። ልጄን ልገድላት ነበር የሚለው ሐሳብ አንድም ቀን ለቋቸው አያውቅም።

እና ይህችው ልጅ ሐሙስ ዕለት፣ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ነገረቻቸው።

"አባዬ፣ መኪና ተምሬያለሁ። ሰኞ ለአውቶቡስ ሾፌርነት እፈተናለሁ።"

"ሞቼ ነው ቆሜ!"

"እሺ። ሳትመርቀኝ አልሄድም።" እጇን አደራረቀች። "ግን እወቀው፣ ሌላ የምመኘው ሥራ የለኝም።"

ጋሽ ኮፍያ አሸነፉ። ባሸነፉ በሁለት ቀናቸው ግን እህል አልወርድ ብሏቸው ነበር፤ ልጅቷም ከ"ደህና አደርክ" በቀር ቃል አልተነፈሰችም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የዚያን ቀኑ ፊልም ቢጫ መኪና ስለምትነዳ ሴት ነበር። ልጅቷ መጣች፤ ወንበር አልፈለገችም፣ አባቷ አጠገብ ቆመች። ቢጫዋ መኪና ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ስትከንፍ ጋሽ ኮፍያ እንደ ልማዳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘችው።

"ተው፣ አባዬ።"

"ልጆች አሉ እኮ!"

"ትናንት አይተኸዋል። ደም አለው?"

"ደም እንኳን የለውም።"

"ታዲያ ከማን ነው የምትደብቀው?"

ኮፍያው እጃቸው ላይ ቀረ። መኪናዋ ሦስት ጊዜ ተገለባበጠች፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ "እሪ!" አለ። ጋሽ ኮፍያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጅቷ ክንዳቸውን ሳትለቅ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"አንተ የምታውቀው ቦዩ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

"ምን ሆነ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ጭስ ሸተተኝ። አንተ ስታጠፋው አይ ስለነበር ቁልፉን አጠፋሁት። በመስኮት ወጣሁና አስፋልቱ መሀል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ሁለት መኪና አለፈኝ። ሦስተኛው አውቶቡስ ነበር። ሾፌሩ ተሳፋሪውን አስወርዶ አንተን አሸከማቸው፤ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ሆስፒታል እየነዳ፣ 'አባትሽን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ' አለኝ። ሾፌር መሆን የፈለግሁት ያን ቀን ነው።"

ጋሽ ኮፍያ ዓይናቸውን ገለጡ። መጋረጃው ላይ ሴትዮዋ በተሰበረው መስኮት እየተሳበች ወጥታ፣ እየተንገዳገደች ቆመች። ልጆቹ ወንበር ላይ ወጥተው "ወጣች! ወጣች!" ይላሉ፤ እናታቸው እነሱን ማስቀመጥ ትታ ታጨበጭባለች። የጋሽ ኮፍያ እንባ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል፣ ለመጥረግም አልሞከሩም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልገድላት ነበር ሲሉ የኖሩባት ልጅ አድናቸው ነበር፤ አንድም ቀን አላመሰገኗትም።

"ፈተናው ስንት ሰዓት ነው?" አሉ፣ በጩኸቱ መሀል።

"ጠዋት። ልክ ሁለት ሰዓት።"

"ቀደም ብለሽ ድረሺ። ፍሬኑን ሳትሞክሪ እንዳትነሺ።" ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ ጫኑ። "ሂጂ፣ የኔ አለኝታ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።"

ልጅቷ ጎንበስ ብላ "አሜን" አለች።