ተቀየረ የተባለው ውሃ

ሀይደር እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከትቶ የውስጥ ግድግዳውን ዳበሰ። ያንሸራትታል። ጣቶቹን አውጥቶ አሻሻቸው፤ የተልባ ውሃ የነካ ይመስል ያሟልጫሉ። ክዳኑን መልሶ ከደነና እጁን በሱሪው ጠረገ።

በመስኮቱ በኩል የቤቱ ጌታ ሮብሌ በጓሮው ውስጥ የቤት ሠራተኛዋን ሀፊዛን ሲቆጣ ይሰማል። የእናቴን ቆዳ ያቃጠለው አንቺ የገዛሽው የልብስ ሳሙና ነው፣ ነገ ጠዋት ከዚህ ቤት ትወጫለሽ እያላት ነበር።

ሮብሌ ከአውሮፓ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ 26 ጁን በሚባለው ሠፈር ቤት ሲሠራ የእናቱ የሲራድ ጉልበት መታጠፍ አቅቶት አገኘው። ምድር ቤት ባለው ክፍል የሙቅ ውሃ ገንዳ አስገጠመላት፤ ውሃው በግድግዳው ቀዳዳዎች እየተገፋ ወጥቶ ጀርባና እግር የሚያሽ ዓይነት። ለገንዳው ሲል ሀይደርን ቀጠረ። ሀይደር ድንበር ተሻግሮ ከመምጣቱ በፊት፣ ድሬዳዋ ሳለ የውሃ ፓምፕ ይጠግን ነበር። እዚህ ሥራው ክሎሪን መጨመር፣ ፊልተር ማጠብ፣ በየሁለት ወሩ ደግሞ ውሃውን አንድም ሳያስቀር ደፍቶ፣ ገንዳውን ፈትጎ፣ ከቦቴ በተገዛ አዲስ ውሃ መሙላት ነው።

የሚኖረው ማሕሙድ ሃይቤ በሚባል ሠፈር በኪራይ ክፍል ነው። እዚያ ውሃ በጀሪካን ይገዛል። ፊት የታጠቡበት ልብስ ይነከርበታል፤ ልብስ የተነከረበት ወለል ይጠረግበታል። ከዚያ ቤት ወጥቶ፣ አንዲት ሴት የተቀመጠችበትን የገንዳ ሙሉ ውሃ ወደ መንገድ መልቀቅ ከመጀመሪያውም አልተዋጠለትም።

በድርቁ ወራት አንድ ቀን ቱቦውን ዘርግቶ ሲደፋ፣ የነሮብሌ ጎረቤት ናዋል ጀሪካን ይዛ እየሮጠች ወጣች።

«ቆይ! ቆይ! ልቅዳበት!»

«መድኃኒት አለበት» አላት በሶማልኛ። «አይጠጣም።»

«ለልብስስ?»

«አይሆንም።»

ናዋል ጀሪካኑን አስቀመጠችና ውሃው አቧራውን እያረሰ ሲወርድ አየችው። ሌሎች ሴቶችም ወጡ።

«እናንተ ቤት የሚታጠበው ሰው ነው ጉማሬ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሀይደር ቱቦውን ሳይጠቀልል እየጎተተ ገባ።

የሚቀጥለው ተራ ሲደርስ የማፍሰሻውን መዝጊያ ያዘ፤ ግን አልከፈተውም። ማባከን ሐራም ነው አለ ለራሱ። ለአላህ ብሎ ይሁን የናዋልን ምላስ ፈርቶ ግን አልመረመረውም። ክሎሪን ጨመረበት። ሮብሌ ከቢሮ ደውሎ «ቀየርከው?» ሲለው «ቀይሬዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውም ተራ እንዲሁ አለፈ። ውሃው ጥርት ብሎ ይታይ ስለነበር መዋሸቱ ቀለለው።

ከዚያ፣ ሠራተኞቹ ኤዶ (አክስቴ) የሚሏትን ሲራድን ያሳክካት ጀመር። ጭኗና ጀርባዋ ላይ ጫፋቸው መግል የያዘ ቀያይ ሽፍታዎች ወጡ። ፋርማሲ ያለው ሰው ሳሙና ይሆናል አለ። ሀፊዛ በዚያው ሰሞን ጋአን ሊባህ ሠፈር ካለ ሱቅ አዲስ የዱቄት ሳሙና ገዝታ ነበር። ለሮብሌ ይኸው በቃው።

ከቁጣው በኋላ ሀፊዛ ዓይኗ ቀልቶ ወደ ገንዳው ክፍል ገባች።

«ሰማኸው አይደል? ወላሂ፣ እጄ እስኪደነዝዝ ነው የማለቀልቀው! እስቲ አንተ ንገረው፤ ሳጥብ አይተሃል።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት፣ ክዳኑ ላይ ተደግፎ። «ይበርድለታል።»

«አንተ ደግሞ ሁሉንም በአብሽሪ!» አለችና ወጣች።

እውነቱን በዚያች ደቂቃ ያውቀው ነበር። ጣቱ ላይ ያለው ሙልጭልጭታ ገና አልደረቀም።

ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብሎ አደረ። ጠዋት ሲመጣ ግን በቀጥታ ወደ ሲራድ አልሄደም። ከመናገሩ በፊት ገንዳው ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝለት ፈለገ። መዝጊያውን ከፈተ፣ ውሃውን ለቀቀ፣ ብሩሽ ይዞ ባዶው ገንዳ ውስጥ ገባ። ከቀዳዳዎቹ የአክታ መልክ ያለው ዝቃጭ ይወጣ ጀመር። ተንበርክኮ ይፈትግ ነበር።

ሀፊዛ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«የኤዶ ሲራድን ቆዳ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም።»

«ይሄው ይበቃኛል። አንድ ሰው እንኳ ካመነኝ...» አለችና ሻንጣዋን አነሳች። «አውፍ በለኝ፣ ወንድሜ፤ ካስቀየምኩህ ይቅር በለኝ።»

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለ። ብሩሹን አልጣለም።

ገንዳው ነጭ ሆኖ ሲያበቃ እጁን ታጥቦ ወጣ። ሲራድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቅባት ትቀባለች። በአገሯ በነበረው ጦርነት ጊዜ ሸሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖረች አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ፈጣንና ስለታም።

«ኤዶ፣ ሳሙናው አይደለም» አላት። «ውሃው ነው። ቀየርኩ ያልኩት አልቀየርኩትም ነበር።»

የቅባቱን ክዳን ቀስ ብላ አጠበቀች።

«ስንፍና ነው?»

«አይደለም። ሰው ጀሪካን ይዞ ቆሞ እያየ መድፋቱ... አፈርኩ።»

«ለጎረቤት አዝነህ እኔን በቆሻሻ ዘፈዘፍከኝ በለኛ!»

ቅባቱን ራስጌዋ አኖረችው።

«የስደተኛ ጣቢያ ሳለን ለአንድ ጀሪካን ከጠዋት እስከ ማታ ተሰልፌአለሁ። መጥተህ ‹ኤዶ፣ ይሄ ነገር ነውር ነው› ብትለኝ ገንዳውን ያኔውኑ አስነቅለው ነበር። ምነው አፍ አልነበረህም?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ተወኝ፤ የኔስ ቆዳ ነው፣ ይድናል። ያቺ ልጅ የት አለች?»

«ሄዳለች።»

«መቼ?»

«ጠዋት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ገንዳውን እያጠብኩ።»

 «አስተግፊሩላህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ተነስ፤ ሩጥ።»

ወደ ድንበር ከተማዋ ወጃሌ መኪና የሚነሳበት ቦታ በባጃጅ ሄደ። የሀፊዛን መልክ ነግሮ ሲጠይቅ፣ ተራ አስከባሪው በእጁ ወደ መንገዱ አመለከተ፤ የተሳፈረችበት መኪና ከተነሳ ቆይቷል። ስልኳ ዝግ ነበር።

ማታ ሮብሌ እውነቱን ሲሰማ ሊያባርረው ተነሳ። ሲራድ አልፈቀደችም። ይቆይና የሠራውን በየቀኑ ይየው አለች።

ሀፊዛ በወሩ ጅግጅጋ ሌላ ቤት ተቀጠረች። ሲራድ ደውላ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሀይደር አልደወለም።